የሚያለቅስ ደረቅ ዓይን

«ዓይኔ ዝም ብሎ ያለቅሳል» አልኳት። ሐኪሟ ከምትጽፍበት ቀና ሳትል «እንግዲያው ደርቆ ይሆናል» አለችኝ። የቀለደችብኝ መሰለኝ። ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር እንባዬ ጉንጬ ላይ ይወርዳል፤ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሰዎች «አይዞዎት ጋሼ» እያሉ ያጽናኑኛል፤ ሶፍት ከኪሴ ጠፍቶ አያውቅም። ይሄ ዓይን ደረቀ የሚባለው በምን ሒሳብ ነው?

ሒሳቡን አሳየችኝ። መጀመሪያ ጫፏ የታጠፈች ቀጭን ወረቀት በታችኛው የዓይን ቆቤ ላይ ሰካችና 5 ደቂቃ አስጨፈነችኝ። ወረቀቷ ስትወጣ 16 ሚሊ ሜትር ያህል ርሳለች። ከ10 በላይ ከሆነ ውሃው አልጎደለም ማለት ነው። ቀጥላ ዓይኔን ቢጫ ቀለም አስነክታ በሰማያዊ መብራት እያየች «አያርገብግቡ» አለችና ጮክ ብላ መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አራት ላይ ቆመች። ጤነኛ ዓይን ላይ የተዘረጋ እንባ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሳይበጣጠስ ይቆያል። የእኔው በአራተኛው ሰከንድ ፀሐይ እንደመታው ጭቃ ተሰነጣጥቋል።

እንባ ለካ ውሃ ብቻ አይደለም። ከሥር ከዓይኑ ጋር የሚያጣብቀው ልጋግ መሰል ሽፋን አለ፤ መሐል ላይ ውሃው ይተኛል፤ ከላይ ደግሞ በቆቡ ጠርዝ፣ ከሽፋሽፍቱ ጀርባ ከተደረደሩ ጥቃቅን ዕጢዎች የሚወጣ ስስ ቅባት ይሸፍነዋል። ወጥ ላይ የሰፈፈ ቅቤ እንፋሎቱን አፍኖ ይይዝ የለ? እንደዚያ ነው። ቅባቱ ሲጎድል ውሃው ይተናል፤ ዓይን ይቆረቁራል፣ አሸዋ የገባበት ይመስላል። ይሄኔ ነርቩ «ድረሱልኝ» ይላል፤ ትልቁ የእንባ ዕጢም ውሃውን ይለቀዋል። ያ ጎርፍ ጉንጭ ያርሳል እንጂ ዓይን ላይ አይረጋም።

ፌስታሌን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፍኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ ከየፋርማሲው የሰበሰብኳቸው ብልቃጦች ናቸው። አንዱን የገዛሁት በጓደኛ ምክር፣ ሌላውን «ይሄ ይሻልዎታል» ተብዬ ነው። አንደኛውማ በየትኛው ፋሲካ እንደከፈትኩት ረስቼዋለሁ። እሱን ሳታየው ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። አንዴ የተከፈተ ጠብታ ከ28 ቀን በኋላ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ጊዜ ገና ቢሆንም፣ መጣል አለበት።

ሁለተኛው «ዓይን ያጠራል» የሚባለው ነው። ውስጡ ቴትራሃይድሮዞሊን አለ፤ የደም ሥሮችን ስለሚያጠብብ ቀዩ ዓይን በደቂቃዎች ውስጥ ነጭ ይሆናል። ሠርግ ሊሄዱ ሲሉ ደስ ይላል። ኃይሉ ሲያልቅ ግን የተጨመቁት ሥሮች ከቀድሞው ብሰው ይቀላሉ፤ ባለቤቱም ደግሞ ያንጠባጥባል። ድርቀቱን አይነካውም።

ሦስተኛውን አንስታ ረጅም ጊዜ አገላብጣ አየችው። ዴክሳሜታሶን ከአንቲባዮቲክ ጋር። «ይሄን ማን አዘዘልዎት?» ማንም አላዘዘልኝም፤ ስሙን ጠርቼ ጠየቅኩ፣ ተሸጠልኝ። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የተሻለኝ እሱ ነበር፤ አደገኛነቱም እዚያው ላይ ነው። ስቴሮይድ ማቃጠሉንና ማሳከኩን በአንድ ቀን ጸጥ ያሰኛል። ሳይቆጣጠሩት ሳምንታትና ወራት ሲወሰድ ግን አንዳንድ ሰው ላይ የዓይንን የውስጥ ግፊት ይጨምራል። ግፊቱ ሕመም የለውም፤ የማየት ነርቩን ከዳር ወደ መሐል እየበላ ይሄዳል። ግላኮማ የሚሉት ይሄ ነው፤ የጠፋው ብርሃን አይመለስም። ስቴሮይዱ የዓይን ሞራም ያስከትላል። አገራችን ውስጥ በዚህ በኩል በጣም የሚያሳዝኑት በአለርጂ ዓይናቸውን ሲያሹ የሚውሉ ሕፃናት ናቸው። እናት ያቺ ጠብታ ልጇን እንዳሳረፈችው ታያለች፤ ስታልቅ ባዶውን ብልቃጥ ይዛ ትሄድና ሌላ ትገዛለች። በሐኪም ማዘዣ ብቻ ሊሰጥ የሚገባው መድኃኒት እንደ ከረሜላ ሲሸጥ የሚከስሰው ማነው? ዓይኑ የጠፋው ልጅ ከየትኛው መደብር እንደተገዛለት እንኳ አያውቅም።

አራተኛው ትክክለኛው ዓይነት ነበር፤ ሰው ሠራሽ እንባ። እሱም ቢሆን ችግር አላጣም። ካርቶኑ ላይ በደቃቁ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ይላል፤ ብልቃጡ ከተከፈተ በኋላ ጀርም እንዳይገባበት የሚጨመር ኬሚካል ነው። በቀን እስከ 4 ጊዜ ለሚጠቀም ሰው ብዙም አያስከፋም። ከዚያ ካለፈ ግን እንደ ሳሙና ያችኑ ስስ ቅባት ያጥባታል፣ የዓይኑንም ገጽ ይልጠዋል። እኔ በቀን 8 ጊዜ አንጠባጥብ ነበር። ዓይኔን ላርሰው ብዬ ሳጥበው ኖሬያለሁ!

እንግዲህ «የቱ ጠብታ ነው የሚሻለው?» የሚለው ጥያቄ አነሳሱ ላይ ነው የሚሳሳተው። በ2016 እ.ኤ.አ. ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶች መርማሪ ቡድን ያለ ማዘዣ በሚሸጡ ሰው ሠራሽ እንባዎች ላይ የተደረጉ 43 ጥናቶችን ገምግሞ፣ አብዛኞቹ በጥቅማቸው ተቀራራቢ እንደሚመስሉ ጽፏል። የካርቶኑ ውበትና የዋጋው ቁመት ብዙ አይነግርም። መጠየቅ ያለበት ሁለት ነገር ነው፦ ዓይኔ የጎደለው ውሃ ነው ወይስ ቅባት? በቀን ስንት ጊዜ ላንጠባጥብ ነው? ውሃ ለጎደለው ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ ወይም ሃያሉሮኔት ያለበት ይበቃል፤ ወፈር ያለው ጄልና ቅባት ዓይንን ስለሚያደበዝዝ ለመኝታ ይሁን። እንደ እኔ ቅባት ለጎደለው ዘይት የተቀላቀለበት ጠብታ አለ፤ ከሱ ጋር በሞቀ ውሃ የተነከረ ፎጣ ዓይን ላይ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ማድረግ ዕጢውን የደፈነውን ቅባት ያቀልጠዋል። ከ4 ጊዜ በላይ የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ መከላከያ ኬሚካል የሌለበትን፣ ለአንድ ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን በትናንሽ ፕላስቲክ የታሸገውን ይፈልግ። ዋጋው ይቆነጥጣል፤ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ወር ሲገኝ ሌላ ወር ይጠፋብኛል።

ስለጠፋም ብዙዎቻችን ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ እናስመጣለን። ይሄም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ2023 እ.ኤ.አ. እዚያው አሜሪካ ኢዝሪኬር በሚል ስም የተሸጠ፣ ሕንድ ቼናይ ውስጥ የተመረተ ሰው ሠራሽ እንባ መድኃኒት በማይበግረው ሱዶሞናስ ባክቴሪያ ተበክሎ ተገኘ። በወረርሽኙ በ18 ግዛቶች 81 ሰው ታመመ፤ 4 ሰዎች ሞቱ፣ 14 ሰዎች የማየት ጉዳት ደረሰባቸው፣ 4 ሰዎች ዓይናቸው ወጣ። ብልቃጡ ደጋግሞ የሚከፈት ሆኖ ሳለ በቂ መከላከያ ኬሚካል አልነበረውም። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በትልልቅ መደብሮች ስም የሚሸጡ ሌሎች 26 የዓይን ጠብታዎችን ሰዎች እንዳይጠቀሙ አስጠነቀቀ። መከላከያ የሌለው ጠብታ ደግ የሚሆነው አንዴ ተከፍቶ ሲጣል ወይም ብልቃጡ ጀርም እንዳያስገባ ተደርጎ ሲሠራ ነው። የተረፈውን ለማታ ማስቀመጥ፣ ጫፉን ሽፋሽፍት ማስነካት፣ ከጎረቤት ጋር መካፈል፣ እነዚህ ሁሉ ደግነቱን ያጠፉታል።

ጠብታ የማይፈታው ቁርቆራም አለ። አክስቴ ከጎጃም ስትመጣ መቀነቷ ውስጥ ወረንጦ አይጠፋም። ዓይኗ ሲቆረቁራት በር ላይ ወደ ብርሃን ዞራ ትቀመጥና አንዲት ልጅ ጠርታ ሽፋሽፍቷን ታስነቅላለች። እኔ ደግሞ እንደ ተማርኩ ሰው «ድርቀት ነው» ብዬ ሁለት ዓመት ጠብታ ገዛሁላት። ሐኪሟ ዘንድ ስወስዳት የላይኛውን ቆብ ገለበጠችና አሳየችኝ፤ ነጭ ጠባሳ። የልጅነቷ ትራኮማ ነው። በዓለም ትራኮማ ከሁሉ በላይ የበረታው በኢትዮጵያ ነው፤ እየተደጋገመ ያቆሰለው ቆብ ሲኮማተር ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል፣ በእያንዳንዱ እርግብግቢት ብሌኑን ይፍቀዋል። ይሄን ምንም ጠብታ አያቃናውም፤ የሚያቃናው ትንሽ ቀዶ ሕክምና ነው፣ ተደረገላት።

ጠባሳው ግን እንባና ልጋግ አመንጪዎቹንም ስለጎዳ ዓይኗ አሁንም ይደርቃል። ለሷ የጎደለው ውሃው ነው፣ ለእኔ ቅባቱ። ስለዚህ በየወሩ ሁለት ዓይነት ጠብታ እገዛለሁ። ወረንጦዋን አልጣለችውም፤ አሁን እሾህ ታወጣበታለች። ከጠብታዋ ጋር ግን እስካሁን አልተስማማችም። ጠዋት ጠዋት የእኔን ካርቶን እያገላበጠች «ያንተው ነው ውድ አሉ፤ እሱን ስጠኝ» ትለኛለች።