ከምላጩ በፊት ልኬቱ

ደረቱ ወደ ውስጥ የሰረጎደ ወይም እንደ ወፍ ደረት ወደ ፊት የሾለ ልጅ ከመሐል ሜዳ፣ ከራቤል ወይም ከዓለም ከተማ ሪፈር ተጽፎለት ደብረ ብርሃን ሲደርስ፣ ቤተሰቡ የሚጠብቀው ቀዶ ሕክምና ነው። ሐኪሙ ግን ሁለት ነገር አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ደረቱ ለምን ጠመመ? ምን ያህልስ ጠመመ? የምስል ትንተና ለቀዶ ሐኪሙ መንገድ ያሳያል፤ ከዚያ በፊት ግን ምላጭ የማያስፈልገውን ልጅ ይለያል። በእኔ እምነት ትልቁ ጥቅሙ ይኸኛው ነው።

በደጋው ሕፃን ብርድ እንዳይመታው በባና ተጠቅልሎ ቤት ውስጥ ይውላል። ፀሐይ ያልነካው ገላ ቫይታሚን ዲ ሲያጥረው የጎድን አጥንት ይለሰልሳል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ውስጥ እየተሳበ ደረቱ ቅርጹን ያጣል። ይህ ሪኬትስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት ሪኬትስ ያለባቸው ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸው ሪኬትስ ከሌለባቸው ከ10 እጥፍ በላይ እንደሆነ አሳይቷል። የእጅ አንጓ ራጅ ላይ የአጥንቱ ጫፍ እንደ ሲኒ ጎድጉዶ፣ ጠርዙ እንደ ተተለተለ ጨርቅ ሆኖ ይታያል። መድኃኒቱ ቫይታሚን ዲ እና ካልሲየም ነው። የአከርካሪ ቲቢም እንዲሁ ነው፤ ሁለት አጎራባች አጥንቶች ተበልተው ጀርባው ሲጎብጥ ደረቱም አብሮ ይጣመማል። እዚህም ሕክምናው የሚጀምረው በቲቢ መድኃኒት ነው፤ ቀዶው ካስፈለገ ከዚያ ጋር ይታሰባል።

በተፈጥሮ የሰረጎደ ደረት ሲሆን ልኬቱ ሌላ ሥራ ይጀምራል። የደረት የውስጥ ስፋት ከፍርምባው እስከ አከርካሪው ባለው ርቀት ይካፈላል። ስፋቱ 24፣ ርቀቱ 6 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ውጤቱ 4 ነው። ጤነኛ ደረት ወደ 2.5 ይጠጋል፤ ከ3.25 በላይ የሆነው ለቀዶ ሕክምና ይታሰባል። ዶክተር ዶናልድ ነስ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳወቁት ዘዴ የተቆለመመ ብረት ከፍርምባው ሥር፣ ከልብ ፊት ያልፋል። ሲቲ ስካኑ ልብ ምን ያህል ወደ ግራ እንደተገፋ ካላሳየ፣ ብረቱ በየትኞቹ የጎድን አጥንቶች መካከል እንደሚገባ መወሰን በጭፍን መሄድ ነው።

ሲቲ ስካን ሩቅ ነው፣ ውድ ነው፣ ጨረሩም ከተራ ራጅ እጅግ ይበልጣል የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከፊትና ከጎን የተነሣ ራጅ ይለካ፤ ከሲቲው ጋር የሚቀራረብ ቁጥር ይሰጣል። ሲቲው ቀዶ ለተወሰነለት ይቆይ። ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ 3.25 የሚለው ወሰን የመጣው ከአሜሪካ ነው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ለሚኖር የመንዝ ልጅ ይሠራል ወይ? ቁጥሩ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የደማቸው ኦክስጅን ከቆላ ሰው እንደማያንስ አሳይቷል። ስለዚህ ዳገት ላይ የሚያለከልክን ልጅ «የደጋ አየር ነው» ብሎ መመለስም ስሕተት ነው። ቁጥሩ ከሳንባ ምርመራ፣ ከልብ አልትራሳውንድና ልጁ ዳገት ሲወጣ ከሚሰማው ጋር አብሮ ይነበብ።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። የሪፈር ወረቀቱ ላይ «የደረት መጣመም» ከሚለው ቃል ጎን ስፋቱ፣ ርቀቱና የእጅ አንጓው ራጅ ውጤት ይጻፍ። ማስመሪያ ከሁሉም ራጅ ክፍል አይጠፋም፤ ያ መስመር ሳይጻፍ ቀርቶ አንድ ቤተሰብ በግ ሸጦ አዲስ አበባ ድረስ መንከራተት የለበትም።