ያገለገለ የቀለም ጠመንጃ ምላጩ እንዴት ይበጃል?

አንድ ያገለገለ የቀለም ጠመንጃ በርካሽ ገዝተው ወደ ቤትዎ ገቡ እንበል። ምላጩን ቢስቡት ይጠነክራል፤ አንዳንዴም አንድ ጊዜ ስበውት ሳለ ሦስት አራት ጊዜ ይተኩሳል። ሻጩ «ፈጣን ነው» ብሎ አመስግኖልዎት ይሆናል። ነገሩ ግን ፍጥነት ሳይሆን ብልሽት ነው።

ይህ መሣሪያ መጀመሪያ የተሠራው ለጨዋታ አልነበረም። በአሜሪካ አገር የደን ሠራተኞች ዛፉን፥ ከብት አርቢዎችም ከብታቸውን ከሩቅ ሆነው በቀለም ምልክት ያደርጉበት ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጁን 27 ቀን 1981 ዓ.ም. 12 ሰዎች በኒው ሃምፕሺር ግዛት በሄኒከር ጫካ ውስጥ ባንዲራ የመሰብሰብ ውድድር አደረጉበት፤ ፔይንትቦል የተባለውም ጨዋታ ከዚያ ተወለደ። ጥይቱ 17 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ያለው፥ በጄላቲን የተሸፈነ የቀለም ኳስ ነው። በሰከንድ እስከ 90 ሜትር ድረስ ስለሚበር ልብስ ብቻ ያቆሽሻል ብለው አይናቁት፤ ባልተሸፈነ ዓይን ላይ ቢያርፍ ሊያሳውር ይችላል። እንግዲህ የምላጩ ጉዳይ የጓደኛዎ የዓይን ጉዳይ ነው ማለት ነው።

መፍቻ ከማንሳትዎ በፊት የዓይን መከላከያውን ጭንብል ያጥልቁ፤ የኳሱን መያዣ ያውርዱ፤ ከዚያም የጋዙን ሲሊንደር ይፍቱ። ሲሊንደሩ ከተፈታም በኋላ በውስጡ የቀረ ጋዝ ሊኖር ስለሚችል፥ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት ወደ መሬት አዙረው ጋዙ እስኪያልቅ ይተኩሱ።

አሁን አሠራሩን ይመልከቱ። በተለመደው ባትሪ በሌለው መሣሪያ ውስጥ ሞላ የሚገፋው መዶሻ አለ፤ እርሱንም አንዲት ትንሽ የብረት ጥርስ ይዛ ታቆመዋለች። ምላጩን ሲስቡ ጥርሲቱ ትለቃለች፤ መዶሻውም ወደ ፊት ተወርውሮ የጋዙን በር ይመታል። ከጋዙ ከፊሉ ኳሱን ያስወነጭፋል፤ ከፊሉም መዶሻውን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ጥርሲቱም እንደ ገና ትይዘዋለች። የጥርሲቱ ጫፍ ካለቀ ወይም ሞላዋ ከደከመ መዶሻውን መያዝ ያቅታታል፤ ያን ጊዜ መሣሪያው በራሱ ይንጣጣል። ጋዙ ሲያንስም መዶሻው በሙሉ ስለማይመለስ ይኸው ይደርሳል። ስለዚህ ዕቃ ለመለወጥ ከመቸኮልዎ በፊት ሲሊንደሩን አስሞልተው ይሞክሩት።

ምላጩ ከጠነከረ መጀመሪያ ማጽዳት ነው። ጎኑን ሲፈቱ የእያንዳንዱን ሞላ ቦታ በወረቀት ላይ ይሣሉ፤ የደረቀውን ቀለምና አሸዋ በጨርቅ ይጥረጉ፤ ለመሣሪያው የተሠራውን ዘይት ጥቂት ጠብታ ያድርጉበት። የሚረጭ የዝገት ማስለቀቂያ የጎማ ቀለበቶቹን ሊያበላሽ ስለሚችል አይጠቀሙበት። ጥርሲቱን በሞረድ አይንኩ፤ ካለቀች በአዲስ ይለውጧት።

ምላጩ ማስተካከያ ብሎኖች ካሉት፥ አንዱ ከመተኮሱ በፊት ያለውን ጉዞ፥ ሌላው ከተኮሰ በኋላ የሚቀረውን ትርፍ ጉዞ ያሳጥራል። መካኒኮች ብሩጎላ በሚሉት ባለ ስድስት ጎን መፍቻ ሩብ ዙር ብቻ እያዞሩ ይሞክሩ። እስከ መጨረሻው አያጥብቁ፤ ጥርሲቱ በደንብ ይዛ እንድትቀመጥ ጥቂት ጉዞ ይተዉላት።

በመጨረሻም ጭንብልዎን እንዳጠለቁ፥ ሲሊንደሩን ገጥመው ያለ ኳስ ይፈትኑት። ምላጩን ስበው በጣም በዝግታ ይልቀቁት። ቀጥሎም አቀባብለው፥ ጣትዎን ከምላጩ አርቀው፥ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርገው ሰደፉን በመዳፍዎ መታ መታ ያድርጉ። ሳይሳብ ከለቀቀ፥ ወይም አንዴ ተስቦ ሁለቴ ከተኮሰ ያሳጠሩትን ጉዞ መልሰው ያስረዝሙ። ይህም ካልፈወሰው ባለሙያ ሳያየው ወደ ሜዳ አይውሰዱት።

ምላጬ እንደ ሌሎቹ አልቀለለም ብለው አይዘኑ። በሄኒከር በተደረገው በዚያ በመጀመሪያው ውድድር ያሸነፈው ሪቺ ዋይት ባንዲራዎቹን የሰበሰበው አንድም ጥይት ሳይተኩስ ነው።