አከርካሪን የሚስበው አልጋ

የሰው አከርካሪ ከአንገት እስከ ወገብ ድረስ 24 ተንቀሳቃሽ አጥንቶች ተደራርበው የሠሩት ዓምድ ነው። ከላይኞቹ ሁለት አጥንቶች በቀር በየመካከላቸው ዲስክ አለ፤ መሐሉ ውሃ የበዛበት ዝልግልግ፣ ዙሪያው ጠንካራ ቃጫ። ቃጫው በዕድሜ፣ በዘር ወይም በሸክም ብዛት ሲሰነጠቅ ዝልግልጉ ወደ ኋላ ይወጣና በአጠገቡ የሚያልፈውን ነርቭ ይነካል። የዲስክ መንሸራተት የሚባለው ይህ ነው። ሕመሙ ከወገብ ተነሥቶ በመቀመጫና በጭን በኩል እስከ እግር ጣት የሚወርደው ነርቩ ስለሚጫን ብቻ አይደለም፤ ከዲስኩ የወጣው ነገር ራሱ ነርቩን ያስቆጣዋል።

ዲስክ ነርቭን ሊጫን እንደሚችል በሰፊው የታወቀው በ1934 ነው። በዚያ ዓመት የቦስተን ሐኪሞች የሆኑት ዊልያም ሚክስተርና ጆሴፍ ባር ጉዳዩን በጽሑፍ አወጡ፤ የወጣውን ክፍል ቆርጦ ማስወገድም የተለመደ ሕክምና ሆነ። ይሁንና ወገቡን በቢላ ማስነካት የሚፈራ ሰው ብዙ ነው። «ያለ ቀዶ ሕክምና» የሚል ማስታወቂያ ገበያ ያገኘው ከዚህ ፍርሃት ነው።

በአሜሪካ በዚህ ስም የሚቀርበውን፣ አከርካሪን በሞተር አልጋ የመሳብ አገልግሎት በብዛት የሚሰጡት የካይሮፕራክቲክ ባለሙያዎች ናቸው። ሙያውን ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር በ1895 በአይዋ ግዛት፣ ዳቬንፖርት ከተማ ጀመረው፤ ዋና ሥራውም አከርካሪን በእጅ ማስተካከል ነው። የመሳቢያው አልጋ ግን ከዚያ ሙያ አልተወለደም። አለን ዳየር የተባለ ካናዳዊ ሐኪም ቫክስ-ዲ የተሰኘውን መሣሪያ ያስተዋወቀው በ1991 ገደማ ሲሆን፣ ሌሎች አምራቾችም ተከተሉት። ታካሚው ይተኛል፤ ዳሌው በቀበቶ ይታሠራል፤ ኮምፒውተር የሚቆጣጠረው ሞተር ወገቡን ለጥቂት ጊዜ ይስባል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ይስባል። አንዱ ቀጠሮ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ሙሉ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ሃያ ያህል ቀጠሮዎች ስላሉት ከአንድ ወር በላይ ይወስዳል። ወገብን መሳብ ግን ከሂፖክራተስ ዘመን ጀምሮ የነበረ ዘዴ ነው፤ አዲሱ ነገር ሞተሩና ኮምፒውተሩ ነው።

የመሣሪያው ደጋፊዎች መከራከሪያ ይህ ነው፤ አጥንቶቹ ሲራራቁ በዲስኩ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል፣ የወጣው ክፍል ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ውሃና ምግብም ይገባል። የመጀመሪያው ሐሳብ መሠረት አለው። በ1994 የታተመ አንድ ጥናት በጥቂት ታካሚዎች ዲስክ ውስጥ መለኪያ አስገብቶ ግፊቱ በመሳቡ ጊዜ ከዜሮ በታች መውረዱን አሳይቷል። ነገር ግን የተለካው ግፊት እንጂ ፈውስ አልነበረም፤ ታካሚው ከአልጋው ወርዶ ሲቆም ደግሞ የአካሉ ክብደት ተመልሶ ዲስኩ ላይ ያርፋል። ከዚህ ይበልጥ የሚያስተምረው የጠፈርተኞች ሁኔታ ነው። ክብደት በሌለበት ጠፈር አከርካሪያቸው ለሳምንታትና ለወራት ከጫና ነጻ ይሆናል፣ ቁመታቸውም ይጨምራል። ሆኖም ብዙዎቹ ወገባቸውን ያማቸዋል፤ በአሜሪካ ጠፈርተኞች ላይ የተደረገ ጥናትም የዲስክ መውጣት ከሌሎች ሰዎች በአራት እጥፍ ገደማ እንደሚበዛባቸው አግኝቷል። ዲስክን ከጫና ማሳረፍ በራሱ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ከእነርሱ የተሻለ ወገብ ያለው ባልተገኘ ነበር።

በታካሚዎች ላይ የተደረጉት ሙከራዎችም ለአልጋው አይመሰክሩም። የኮክሬን ድርጅት በ2013 ያወጣው ግምገማ 2,762 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 32 ሙከራዎች መርምሮ፣ መሳብ በሕመም፣ በእንቅስቃሴ ወይም ወደ ሥራ በመመለስ ላይ ያለው ለውጥ ከቁጥር የማይገባ ወይም ጨርሶ የሌለ ነው ብሏል። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ በ2016 ለወገብ ሕመም መሳብ እንዳይሰጥ ጽፏል፤ ሜዲኬር የተባለው የአሜሪካ አረጋውያን መድን ደግሞ ለቫክስ-ዲ አይከፍልም። ሻጮቹ «የእኛ መሣሪያ ከተራው መሳቢያ ይለያል» ይላሉ። የአሜሪካ ምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ግን እነዚህን አልጋዎች የሚያሳልፋቸው በሞተር ከሚሠሩ መሳቢያዎች ምድብ ውስጥ ነው፤ የሚያልፉትም ቀድሞ ገበያ ላይ ከነበረ መሣሪያ ጋር በመመሳሰላቸው እንጂ ፈዋሽነታቸው በሙከራ ተረጋግጦ አይደለም።

ታዲያ ከአልጋው ድኖ የወረደ ሰው ዋሸ ማለት ነው? አይደለም። የወጣ ዲስክ በአብዛኛው በራሱ ጊዜ ይሟሽሻል፤ የሰውነት መከላከያ ሴሎች ባዕድ ነገር እንዳገኙ ቆጥረው ይበሉታል። የሚገርመው መጠኑ የከፋው ይበልጥ መሟሸሹ ነው። በ2015 የታተመ ግምገማ እንደሚለው ከዲስኩ ጨርሶ ከተገነጠለው ክፍል 96 በመቶው ሲቀንስ፣ ትንሽ ከተነፋው ዲስክ ግን የቀነሰው 13 በመቶው ብቻ ነው። በሆላንድ 283 ሕመምተኞች በሁለት ተከፍለው አንዱ ወገን ቶሎ ቀዶ ሕክምና ሲያገኝ ሌላው እንዲጠብቅ ተደርጎ ነበር። በ2007 የወጣው ውጤት ቀዶ ሕክምና ያገኙት ፈጥነው መዳናቸውን አሳየ፤ ከጠበቁት 39 በመቶው በኋላ ቀዶ ሕክምናውን አደረጉ። ከዓመት በኋላ ግን በሁለቱም ወገን 95 በመቶው ድነናል አሉ። የአልጋው ሳምንታትና ዲስኩ የሚሟሽሽባቸው ሳምንታት አንድ ላይ ስለሚያልፉ ምስጋናውን የሚወስደው ሞተሩ ነው። የኤምአርአይ ምስልም በዚህ ያሳስታል፤ ምንም ሕመም ከሌላቸው የ20 ዓመት ወጣቶች እንኳ 30 በመቶው የተነፋ ዲስክ ይታይባቸዋል። ስለዚህ የአልጋው ትክክለኛ ተፎካካሪ ቀዶ ሕክምና ሳይሆን ትዕግሥት፣ እንቅስቃሴ፣ ፊዚዮቴራፒና የሕመም ማስታገሻ ነው፤ እነዚህም ዋጋቸው ከአልጋው ይቀንሳል።

መሳብ ጉዳት የሚያመጣባቸውም አሉ፤ አጥንታቸው የሳሳ፣ የተሰበረ፣ ካንሰር የገባበት ወይም በኢንፌክሽን የተበላ። የሳንባ ነቀርሳ በሰፊው ባለባት ኢትዮጵያ በሽታው አከርካሪን ሊያጠቃ ስለሚችል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ የታከሉበት የወገብ ሕመም በምርመራ ሳይታወቅ ሊሳብም ሆነ በወጌሻ ሊታሽ አይገባም።

ቀዶ ሕክምናው የማይታለፍበት ጊዜም አለ። እግር ቀን በቀን እየከዳ ሲሄድ፣ በጭኖች መካከልና በመቀመጫ ዙሪያ ያለው ቆዳ ሲደነዝዝ፣ ሽንት አልወጣ ሲል ወይም ሰገራን መቆጣጠር ሲያቅት ወደ ታች የሚወርደው የነርቮች ጥቅል ታፍኗል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ በዚያው ዕለት ሆስፒታል መድረስ አለበት፤ ከዘገየ ሽንቱን የመቆጣጠር አቅሙ ላይመለስ ይችላል።