ወደ አፍንጫ የሚከፈተው የጆሮ በር

መኪናችን ወደ አባይ በረሃ ቁልቁል ሲወርድ ጆሯችን ይደፈናል፤ ምራቃችንን ስንውጥ ደግሞ «ጧ» ብሎ ይለቃል። የከፈተልን የዩስታሺያን ቱቦ ነው። ሁሉም የጆሮ ታምቡርን ያውቃል፤ ከታምቡሩ ጀርባ እስከ አፍንጫ ኋላ የሚደርሰውን ይህን ቀጭን መተላለፊያ ግን የሚያነሣው የለም። ዐዋቂ ሰው ላይ 3.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ስሙ በ16ኛው መቶ ዘመን ከነበረው ጣሊያናዊ የአካል አጥኚ ከባርቶሎሜዎ ዩስታኪ የመጣ ነው። ዘወትር ዝግ ነው፤ ስንውጥና ስናዛጋ ለቅጽበት ተከፍቶ አየር ያስገባል።

ልጆች ላይ ቱቦው አጭርና አግድም የተኛ ነው። ጉንፋን ወይም ያበጠ አዴኖይድ (ከአፍንጫ ኋላ ያለ ዕጢ) ሲደፍነው በመካከለኛው ጆሮ ያለው አየር ይመጠጥና ቦታውን ፈሳሽ ይይዛል፤ አንዳንዴም እንደ ሙጫ ይወፍራል። ብዙ ጊዜ ሕመምም ትኩሳትም የለውም፤ መስማትን ግን ይቀንሳል።

የእህቴን ልጅ «አትሰማም» ይሏት ነበር፤ አትታዘዝም ለማለት። እናቴ ግን ጆሮዋን ጠርጥራ ዘይት በነጭ ሽንኩርት አሞቀች።

«እማዬ፣ ተይው፤ ታምቡሩ እኮ ግድግዳ ነው። ዘይቱ ደጅ ይቀራል፣ ውሃው ያለው ጓዳ ነው» አልኳት።

«ታዲያ በየት ይወጣል ልጄ?»

«በአፍንጫዋ በኩል፣ በራሱ በር።»

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ከውጭ የሚንጠባጠብ ነገር ሁሉ፣ ዘይትም ይሁን የፋርማሲ ጠብታ፣ ጤነኛ ታምቡርን አልፎ ፈሳሹ ዘንድ አይደርስም። ታምቡሩ ተቀዶ ከሆነ ደግሞ ዘልቆ ሊጎዳ ይችላል። የክብሪት እንጨት የምትከቱማ እባካችሁ ተዉ! መግል የሚወጣው ጆሮም ሌላ በሽታ ነው፤ ቶሎ ለሐኪም መታየት አለበት።

ሕክምናው ትዕግሥት ይጠይቃል። አብዛኛው ፈሳሽ በ3 ወር ውስጥ በራሱ ይደርቃል፤ ለዚህ አንቲባዮቲክም ሆነ የጉንፋን ሽሮፕ አይረዳም። ከዚያ ካለፈ መስማት ይለካል፤ አስፈላጊ ሲሆን ሐኪሙ ታምቡሩን በጥቂቱ ሰንጥቆ ትንሽ ቱቦ ያስገባል። አሜሪካዊው ሐኪም ቤቨርሊ አርምስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1954 ያስተዋወቀው ይህ ቱቦ የተደፈነው በር እስኪድን አየር ያስገባል፤ ብዙውን ጊዜም ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ራሱ ይወድቃል። ዐዋቂ ሰው በአንድ ጆሮው ብቻ ፈሳሽ ከቋጠረና አልለቅ ካለው ግን የአፍንጫው ኋላ ሳይታይ መቅረት የለበትም።

የእኛዋ ልጅ ቱቦ አላስፈለጋትም፤ ፈሳሹ በሁለት ወር ደረቀ። እስከዚያው መምህሯ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጧት፣ እኛም ቀረብ ብለን ፊቷን እያየን አናገርናት። «አትሰማም» የተባለው እውነት ነበር፤ የተሳሳትነው ትርጉሙን ነው።