ከመቀመጫው የሸሸው ኩፊያ

ፖርሽ 356ን የሚያደንቅ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ጎበጥ ባለ ጀርባዋና በክብ መብራቶቿ ላይ ነው። ክሪክ ገብቶላት ከሥር የሚያያት መካኒክ ግን መጀመሪያ የሚፈልገው ሁለት ጥቁር የጎማ ኩፊያዎችን ነው። ከካምቢዮው ግራና ቀኝ፣ የሰሚያስ ቱቦዎቹ በሚጀምሩበት ቦታ ላይ፣ እንደ አኮርዲዮን ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። ከሁለቱ አንዱ ከመቀመጫው ሸርተት ሲል የካምቢዮ ዘይት መንጠባጠብ ይጀምራል። ጥገናው ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ሰው ኩፊያውን ወደ ቦታው ገፍቶ፣ ማሰሪያውን አጥብቆ ይሄዳል፤ ብዙ ሳይቆይም ያንኑ ዘይት መሬት ላይ ያገኛል። እኔ እንደማየው የዚህ ጥገና ምሥጢር ያለው ማሰሪያው ምን ያህል ጠበቀ ከሚለው ይልቅ ሲጠብቅ የኋላ ጎማው የት ነበር በሚለው ላይ ነው።

ይህን ለመረዳት መኪናዋ ከየት እንደመጣች ማወቅ ይረዳል። የፈርዲናንድ ፖርሽ ልጅ ፌሪ ፖርሽ የመጀመሪያዋን 356 ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣው በኦስትሪያ፣ ግሙንድ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ቀድሞ እንጨት መሰንጠቂያ በነበረ ግቢ ውስጥ ነው። ከጦርነቱ ማግስት ገንዘብም ዕቃም አልነበረም። የሠሩት በእጃቸው ካለው ነው፤ በእጃቸው ያለው ደግሞ አባትየው በ1930ዎቹ የነደፈው የቮልስዋገን ዕቃ ነበር፤ ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ፍሬን፣ የኋላ አክስል። ሥራው በ1950 ወደ ጀርመን ሽቱትጋርት ዞረ፤ በ1952 ፖርሽ የራሱን ካምቢዮ ገጠመላት። ከዚያም ሞተሩ እያደገ ሄደ፤ በመጨረሻው ሞዴል ላይ ፍሬኗ ዲስክ ሆነ። እስከ 1965 ድረስ ወደ 76,000 የሚጠጉ ሲመረቱ ግን የኋላ አክስሉ አሠራር ከቮልስ የወረሰችው ሆኖ ቀረ።

ስለዚህ በአዲስ አበባ ጋራዦች የድሮ ቮልስ ሲፈታ የኖረ መካኒክ ከፖርሽ 356 ሥር ቢገባ የሚያገኘው የሚያውቀውን ነገር ነው። ቮልስ በእኛ አገር የመምህሩም፣ የነርሷም፣ የሹሙም መኪና ነበረች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን በወረዱ ዕለት ከቤተ መንግሥት የተወሰዱትም በቮልስ ነው። እህቷ ፖርሽ ግን የእሽቅድምድምና የሀብታም መኪና ሆነች፤ የዘፋኟ ጃኒስ ጆፕሊን ቀለም የተዥጎረጎረባት 356 እ.ኤ.አ. በ2015 በጨረታ ከ1.7 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥታለች። ከሥር ሲታዩ ግን ዘመዳሞች ናቸው።

የአክስሉ አሠራር ተወዛዋዥ አክስል ነው። ሐሳቡ የቮልስም የፖርሽም አይደለም፤ ኦስትሪያዊው ኤድሙንድ ሩምፕለር የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው ገና በ1903 ነበር። የኋላ ጎማዎቹ በአንድ ቀጥ ያለ አክስል ስላልታሰሩ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ፣ ማለትም ሰሚያሱ፣ በብረት ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ቱቦው በጎማው በኩል የኩሽኔታውን ቤት ተሸክሟል፤ በካምቢዮው በኩል ያለው ጫፉ ደግሞ ክብ ሆኖ በተሠራ መቀመጫ ውስጥ እንደልቡ ይወዛወዛል። የሰሚያሱ የውስጥ ጫፍ ጠፍጣፋ ነው፤ ዲፈረንሻሉ ውስጥ በሁለት ግማሽ ክብ ብረቶች መካከል ገብቶ ይታጠፋል። በአንድ ጎን ያለው መታጠፊያ ይኸው ብቻ ነው፤ ጎማው ዘንድ ሌላ መታጠፊያ የለም። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ቱቦው ከነጎማው ከካምቢዮው ጎን ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ ጎማውም የታችኛውን ጎኑን ወደ ውስጥ ያጥፋል። ይህ መታጠፍ በፍጥነት በሚታለፍ ኩርባ ላይ አደጋ ስለነበረው ፖርሽ በ1960 ሱፐር 90 በተባለችው ሞዴል ላይ ከአክስሉ ሥር የሚያልፍ ተጨማሪ ተለጣጭ ብረት ገጥሟል። በኋላ የመጣችው 911 ይህን አክስል ጨርሶ ትታዋለች።

ኩፊያው የሚኖረው በዚያ አንድ መታጠፊያ ላይ ነው። ሰፊው አፉ ካምቢዮው ላይ በዳዶዎች የታሰረውን ክዳን ይጨብጣል፤ ጠባቡ አፉ ቱቦውን። ዘይት እንዳይወጣ፣ አቧራና ውኃም እንዳይገባ ይከላከላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል፤ ቱቦው አይሽከረከርም፤ የሚሽከረከረው ውስጡ ያለው ሰሚያስ ነው። ዛሬ በቪትዝና በኮሮላ ላይ የምናውቀው ኩፊያ ግን ከሰሚያሱ ጋር አብሮ የሚሽከረከርና ግራሶ የቋጠረ ነው። ያኛው ተቀዶ ግራሶውን ከጨረሰ መኪናው ሲታጠፍ ታክ ታክ እያለ ያስታውቃል። የ356 ኩፊያ ሲሸሽ ድምፅ የለውም። ዘይቱ በቀስታ ይጎድላል፤ ባለቤቱም የሚነቃው አንዳንዴ የካምቢዮው ጥርሶች መጮህ ከጀመሩ በኋላ ነው።

ታዲያ ለምን ይሸሻል? የኩፊያው ጎማ መጀመሪያ የሚጠረጠር ነገር ነው፤ ያረጀ ጎማ ይደርቃል፣ መጨበጥ ይሳነዋል። ዘይቱ ከመጠን በላይ ከተሞላም ኩፊያውን ከውስጥ ይገፋዋል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ሰው ሠራሽ ነው። መኪናዋ በክሪክ ስትነሣ የኋላ ጎማዎቹ ወደ ታች ይንጠለጠላሉ። በዚያ ሁኔታ የኩፊያው የላይኛው ጎን ተወጥሯል፣ የታችኛው ተጨማድዷል። መካኒኩ ያኔ ማሰሪያዎቹን ጥብቅ አድርጎ አስሮ መኪናዋን ቢያወርዳት ቱቦው ወደ ላይ ይመለሳል፤ ጫፉ በተለጣጭ የብረት ክንድ ስለተያዘም ጥቂት ይዞራል። ኩፊያው እንግዲህ መኪናዋ ቆማ እንኳ ሳለች ተጠምዝዞና ተወጥሮ ይውላል። እያንዳንዱ ጉብታ ይጎትተዋል፤ ጠባቡ አፍ በቱቦው ላይ ትንሽ በትንሽ ይሳባል፤ አንድ ቀንም ከማሰሪያው ሥር ይወጣል። ማሰሪያውን የበለጠ ማጥበቅ ጎማውን ከመቁረጥ ያለፈ አይፈይድም።

ዘይት ሲታይ ሁሉ ጥፋቱ የኩፊያው ነው ማለት አይደለም። የሞተር ዘይት ቀጠን ያለ ነው፤ የካምቢዮ ዘይት ወፈር ይላል፣ ድኝ ድኝ የሚል ሽታም አለው፤ በጣት ነክቶ ማሽተት ብቻ ብዙ ይነግራል። ዘይቱ ከፍሬን ታምቡሩ ጀርባ ከመጣ ችግሩ የጎማው ኩሽኔታ መከለያ ነው። በካምቢዮው ክዳን ዙሪያ ከሆነ ደግሞ ከሥሩ ያለው ጓርኒሲዮን ነው። ይህን ጓርኒሲዮን እንዲሁ በግምት መቀየር አይገባም፤ ውፍረቱ ቱቦው በመቀመጫው ላይ የሚኖረውን ክፍተት የሚወስን ነው። ስለዚህ ሁሉም ቦታ መጀመሪያ ይታጠባል፣ መኪናዋ ትንሽ ትነዳለች፣ ከዚያ አዲሱ ዘይት ከየት እንደሚመነጭ ይታያል። ይህን ዘልሎ ወደ መፍታት የሚሮጥ ሰው ጤነኛውን ኩፊያ ሊያበላሽ ይችላል።

ኩፊያው በእርግጥ ከሸሸ መኪናዋ በጠንካራ የብረት ማቆሚያ ላይ ትቀመጣለች፤ ክሪክ ብቻውን ሰው ሥር እያለ አይታመንም። የካምቢዮው ዘይት ይፈስሳል፤ አለዚያ ኩፊያው ሲላቀቅ የሚጠብቀው የመካኒኩ ክንድ ነው። የማፍሰሻው ብሎን ማግኔት አለውና ምን እንደያዘ ማየት ደግ ነው። ጥቁር የብረት ልም ብቻ ከሆነ አያስፈራም፤ ስባሪ ከታየ ግን ጉዳዩ ከኩፊያ አልፏል። ከዚያ ማሰሪያዎቹ ተላልተው ኩፊያው ወደ ቱቦው መሐል ይሳባል። እጥፋቶቹ አንድ በአንድ ተከፍተው በብርሃን ይታያሉ፤ የደረቀ፣ የተሰነጠቀ፣ ወይም ሲጫን ተመልሶ የማይነሣ ጎማ አይመለስም፣ ይጣላል።

መጣል ካለበት ሌላ ጣጣ ይመጣል። ፋብሪካው የገጠመው ኩፊያ ስፌት የሌለው አንድ ወጥ ነው። እሱን ለማስገባት 36 ቁጥሩን የኋላ ጎማ ዳዶ መፍታት፣ ታምቡሩን ማውጣት፣ ከቱቦው ጫፍ ላይ ተጭኖ የገባውን የኩሽኔታ ቤት መንቀል ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ለጥገና የሚሸጠው ኩፊያ በርዝመቱ የተሰነጠቀ የሆነው፤ ቱቦው ላይ ይጠቀለልና ስንጥቁ በትንንሽ ብሎንና ዳዶ ይገጠማል። መኪናቸው እንደ ፋብሪካው እንድትሆን የሚሹ ባለቤቶች ስንጥቁን አይወዱትም። እኔ ግን መኪናዋ ለመነዳት እስከሆነች ድረስ ነውር አላየሁበትም፤ በትክክል የተቀመጠ ስንጥቅ ኩፊያ ለዓመታት ዘይት ይይዛል።

በትክክል ማስቀመጥ የሚባለው እንዲህ ነው። ቱቦውና ክዳኑ በፍሬን ማጽጃ ፈሳሽ ታጥበው ይደርቃሉ፤ የኩፊያው ሁለት አፎችም ከውስጥ በኩል ይጠረጋሉ። ጎማ የዘይት ቅባት ባለበት ብረት ላይ አይይዝም፣ ይንሸራተታል፤ በቀላሉ እንዲገባ ብሎ ግራሶ መቀባትም መሸሻውን ማዘጋጀት ነው። ስንጥቅ ካለው ስፌቱ ወደ መኪናዋ ኋላ ዞሮ አግድም ይሁን። ቱቦው የሚወዛወዘው ወደ ላይና ወደ ታች ነው፤ ከላይ ወይም ከታች የዋለ ስፌት በየጉብታው ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ በጎን ያለው ግን ብዙ አይወጠርም። የስፌቱ ብሎኖች ሁለቱ ከንፈሮች እስኪገናኙ ብቻ ይጠብቃሉ። ከዚያ ካለፈ ጎማው ከመሐል ወደ ውጭ ይጎርጣል፣ የተገናኘውም ይለያያል። ስስ የሲሊኮን ሽፋን በስፌቱ ላይ ይበቃል፤ መላ ኩፊያውን በሲሊኮን የሚለቀልቁት ቀጣዩን መካኒክ ያስለቅሳሉ እንጂ ዘይት አያስቆሙም።

አሁን ነው ትዕግሥት የሚያስፈልገው። ሁለቱ ትልልቅ ማሰሪያዎች ቦታቸውን ይዘው ገና ላላ እንዳሉ ክሪኩ ከጎማው አጠገብ ካለው የቱቦው ጫፍ ሥር ይገባና አክስሉ ይነሣል፤ መኪናዋ መሬት ላይ በራሷ ክብደት ስትቆም ቱቦው ወደሚደርስበት ከፍታ ሲደርስ ይቆማል። ጋራዡ መግቢያ ጉድጓድ ካለው ደግሞ ከዚህ ይሻላል፤ መኪናዋ በጎማዎቿ ላይ ቆማ ሳለ ሥራው ከሥር ይጨረሳል። ኩፊያው ያኔ በራሱ ይዞራል፣ እጥፋቶቹም ዙሪያውን እኩል ይሆናሉ። ካልሆኑ በእጅ ይስተካከላል። ማሰሪያዎቹ የሚጠብቁት በዚህ ጊዜ ነው፤ ልኩም ኩፊያው በእጅ ሲጠመዘዝ አልዞርም እስኪል ብቻ ነው። ማሰሪያው ወደ ጎማው ሥጋ መስመጥ ከጀመረ ከልኩ አልፏል።

ዘይቱ መኪናዋ ለጥ ባለ ቦታ ቆማ ከካምቢዮው ጎን ባለው ቀዳዳ በኩል ይሞላል። የቀዳዳውን የታች ከንፈር ሲነካ ይበቃዋል። ቶሎ ከተሞላ ውስጥ ሳይደላደል ቀድሞ ይፈስሳልና ጥቂት ቆይቶ እንደገና መጨመር ይገባል። በመጨረሻም ሻካራ መንገድ ላይ ወጣ ብሎ መመለስና ማሰሪያዎቹን እንደገና ማየት ይቀራል፤ አዲስ ኩፊያ ሞቆ ሲቀመጥ ትንሽ መላላት ያለ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ኩፊያው ዳግመኛ ከሸሸ ጥፋቱን ኩፊያው ላይ መፈለግ ይብቃ። በካምቢዮው በኩል ያለው የቱቦው ክብ ጫፍና መቀመጫው ተበልተው እንደሆነ ቱቦውን በሁለት እጅ ይዞ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ በመግፋት ይሞከራል፤ ቱቦው ኳ ኳ ካለ ክዳኑ ተፈትቶ ጓርኒሲዮኑ እንደገና መለካት አለበት።