የአማርኛ መጻሕፍትን በካታሎግ ስለ መፈለግ

አንድ ተመራማሪ በኢንተርኔት በሚታይ የውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ የመጽሐፍ ስም ጽፎ ምንም ሳያገኝ ሲቀር፣ መጽሐፉ በዚያ የለም ብሎ ይፈርዳል። ይባስ ብሎም በጉዳዩ ላይ ከእርሱ በፊት የጻፈ ሰው እንደሌለ በጥናቱ መግቢያ ያሰፍራል። ነገር ግን ካታሎጉ የሚመረምረው ብዙውን ጊዜ መዝጋቢው ስለ መጽሐፉ የጻፈውን አጭር መግለጫ እንጂ መጽሐፉን አይደለም። ስለዚህ ፈላጊው መዝጋቢው እንዴት እንደ ጻፈ አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የፊደሉ ነገር ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ስለ ሆነ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ቀድሞ የተመዘገቡት የአማርኛ መጻሕፍት በአብዛኛው በላቲን ፊደል ብቻ ይገኛሉ። የአጻጻፉም ሥርዐት አንድ አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንመልከት። «ቅ»ን አንዱ በኪው፣ ሌላው በኬ ይጽፋታል። ኢ የምትባለው የላቲን ፊደል በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሰንጠረዥ ሳድስን ስታመለክት፣ በተለመደው የሕዝብ አጻጻፍ ግን ግዕዝን ታመለክታለች። እንግዲህ ሰንጠረዡን አስቀድሞ ማየት፣ ካታሎጉም የሚፈቅድ ከሆነ በሚያጠራጥረው ፊደል ፈንታ የጥያቄ ምልክት ማግባት ይጠቅማል።

በራሳችን ፊደል መፈለግም ቢሆን ከችግር አያድንም። «ሐዲስ» እና «ሀዲስ»፣ «ዓለማየሁ» እና «አለማየሁ» ለጆሮ አንድ ሲሆኑ ለመሣሪያው ልዩ ልዩ ቃላት ሊሆኑ ይችላሉ። ብዙዎች የማያስተውሉት ደግሞ ይህ ነው፦ በቃሉ መጨረሻ የኮከብ ምልክት ቢደረግ «ታሪክ» የሚለው ቃል «ታሪክና»ን ያስገኛል፤ «የታሪክ»ን እና «በታሪክ»ን ግን አያስገኝም፤ መነሻቸው ሌላ ነውና። ስለዚህ እነዚህን ለየብቻ መጻፍ ግድ ነው።

በስም ረገድ፣ የኢትዮጵያ ደራሲ በራሱ ስም መመዝገብ ሲገባው በአባቱ ስም እንደ አውሮፓውያን የቤተ ሰብ ስም የተመዘገበበት ጊዜ ስላለ፣ በሁለቱም መንገድ መሞከር ነው። ዓመቱም እንዲሁ ነው፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይኸው ልብ ወለድ በ1958፣ በ1965 ወይም በ1966 ሊመዘገብ ስለሚችል የዘመኑን ወሰን ሰፋ ማድረግ ያሻል።

ስለ ሕዝቦች ባህል የሚያጠና ሰው፣ የቀድሞ ጸሐፊዎች ሕዝቡ ራሱን በማይጠራበት፣ ዛሬም እንደ ስድብ በሚቆጠር ስም ይጽፉ እንደ ነበር ማስታወስ አለበት። ስሙ ባይወደድም በመጽሐፉ አርእስት ላይ ታትሞ ቀርቷልና፣ በዚያም ካልፈለጉ የቀድሞው ጽሑፍ አይገኝም። አንድ ተስማሚ መጽሐፍ ከተገኘ በኋላ ግን፣ በመግለጫው ላይ ያለውን የርእሰ ጉዳይ ስያሜ ተከትሎ ወደ ሌሎቹ መሄድ አዲስ ቃል ከመገመት ይልቅ ይቀላል።

የብራና መጻሕፍት ግን ብዙውን ጊዜ የራሳቸው ዝርዝር አላቸው። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ በማይክሮፊልም የተነሡት ብራናዎች በሚኒሶታ በሚገኘው በሂል ቤተ መዘክርና የብራና ቤተ መጻሕፍት መዝገብ በየቁጥራቸው ይፈለጋሉ።