ብልኀቱ ባልከፋ፤ ጥገናው ባይረሳ

ሰው የቸገረው ዕለት መላ ይፈጥራል። የተበጠሰውን በሽቦ ያስራል፤ የተቀደደውን በጎማ ቁራጭ ይደፍናል፤ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ጫማ፥ ከቆርቆሮ ምድጃ ያወጣል። ይህ ጠባይ በአገራችን ሁሉ የታወቀ ሲሆን፥ በተለይም በሥራ ወዳድነቱ ስሙ በሚነሣው በጉራጌ ሕዝብ ዘንድ በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ከተማ በየዕለቱ የሚታይ ነው።

እኛ ግን ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ይህን ጠባይ ለማመስገን ብቻ አይደለም። መላ ማለት የችግር ማስታገሻ እንጂ መድኃኒት አለመሆኑ አልፎ አልፎ ሲዘነጋ ስለምናይ፥ በዚህ ረገድ ለተማሪዎችና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ጥቂት ሐሳብ ለማቅረብ ነው።

አስቀድመን ከጓሮ እንጀምር። የጉራጌ እናቶች ማቀዝቀዣ የሚባል ዕቃ ከመፈጠሩ ከብዙ ዘመን በፊት ምግብን ሳይበላሽ የማቆየት ዘዴ አግኝተዋል። እንሰቱን ፍቀው ያገኙትን በጉድጓድ ይቀብሩታል፤ ጉድጓዱንም በራሱ በእንሰቱ ቅጠል ይለብጡታል፤ ከላይ ቅጠል ደርበው ድንጋይ ይጭኑበታል። አየር እንደ ልብ ስለማይገባው ይብላላል እንጂ አይበሰብስም። እንዲህ የተያዘ ቆጮ ለወራት፥ አንዳንድ ጊዜም ለዓመታት ይቆያል። ነገር ግን ጉድጓዱ አንድ ጊዜ ተከድኖ የሚተው አይደለም። በየጊዜው ይከፈታል፤ ያረጀው ቅጠል ወጥቶ በአዲስ ይለወጣል፤ ድንጋዩም እንደገና ይስተካከላል። ይህ ካልተደረገ የዓመቱ ስንቅ ይበላሻል። እንግዲህ ዘዴውን ከልጅ ልጅ ያደረሰው ብልኀቱ ብቻ ሳይሆን ቅጠሉን የመለወጡ ትጋት ጭምር መሆኑን ልብ እንበል።

ከጓሮ ወደ ከተማ ስንወጣ የምናገኘው ቢጫውን ጀሪካን ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ወልቂጤ፥ ነዋሪዎቿ በመጠጥ ውሃ እጥረት ለብዙ ዓመታት የተቸገሩባት ከተማ ናት። ሕዝቡም ያለውን መላ ሁሉ ሞክሯል። በአህያ ጋሪ ያስጭናል፤ በሮቶ ያጠራቅማል፤ የክረምቱን ዝናብ ከቆርቆሮ ጣሪያው በአሸንዳ ይቀበላል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በየካቲት ወር 2015 ዓ.ም. የከተማው ነዋሪዎች ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው አደባባይ እስከ መውጣት ደረሱ፤ በዚያም ቀን የሰው ሕይወት ጠፋ። ጀሪካኑ ቀኑን ያሻግራል እንጂ ቧንቧውን እንደማይተካ ከዚህ የበለጠ መራራ ማስረጃ የለም።

ቧንቧው እስኪመጣ ድረስ ግን መላው ራሱ በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባዋል። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ ወደ ሮቶው ሳይገባ ቢፈስ ይሻላል። ሮቶው ክዳን ይኑረው፤ ለመጠጥ የሚሆነውም ይፈላ። ፀረ ተባይ መድኃኒት ወይም ነዳጅ የነበረበት ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ ውሃ አይሁን።

አንዳንዱ መላ ደግሞ ከችግሩ የባሰ ነው። መብራት ሲጠፋ ሻማና የእጅ ባትሪ ማዘጋጀት፥ ስልክን አስቀድሞ ቻርጅ ማድረግ የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው። ነገር ግን ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር በቦታው ወፍራም የመዳብ ሽቦ ጠምዝዞ መብራቱን የሚመልስ ሰው አይታጣም። ጎረቤትም «እጀ ወርቅ ነው» ይለዋል። ፊውዝ ግን ከመጠን ያለፈ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲመጣ ቀልጦ እንዲቆረጥ ታስቦ የተሠራ ቀጭን ሽቦ ነው፤ መቃጠሉ ራሱ ሥራው ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል፤ ይህም በ220 ቮልት መስመር ላይ ከ13 አምፔር በላይ ማለት ነው። ይህን ምጣድ 10 አምፔር ብቻ በሚችል ማራዘሚያ ላይ ሰክቶ ፊውዙን በወፍራም ሽቦ የተካ ሰው፥ ከእንግዲህ የሚግለውና የሚቀልጠው ፊውዙ ሳይሆን ገመዱ እንዲሆን ፈረደ። ቤት የሚቃጠለው እንዲህ ነው። በአዲሱ ዓይነት ማከፋፈያም ላይ ደጋግሞ የሚወርደውን ብሬከር በፕላስተር አስሮ እንዳይወርድ ለማድረግ መሞከር ያው አንድ ጥፋት ነው። ዕቃው የጎደለውን የሚሞላ መላ ይመሰገናል፤ አደጋን የሚያስጠነቅቀውን አፍ የሚዘጋ መላ ግን መላ ሊባል አይገባውም።

አሁን ወደ መሥሪያ ቤት እንግባ። አንድ ሽማግሌ ከእዣ ወይም ከቸሃ ገጠር በማለዳ ተነሥተው፥ የመሳፈሪያ ከፍለው፥ የገበያ ቀናቸውን ትተው ወደ ከተማ ይመጣሉ። በመስኮቱ በኩል የሚሰሙት ቃል «አባቴ፥ ዛሬ ሲስተም የለም፤ ነገ ይመለሱ» የሚል ይሆናል። ኔትወርክ መቋረጡ የወጣቱ ሠራተኛ ጥፋት አይደለም። ሽማግሌውን ባዶ እጃቸውን መመለስ ግን የእርሱ ምርጫ ነው። ቁጥር የተሰጠው የወረቀት ቅጽ በመሳቢያው ቢኖር፥ ስማቸውን፥ ጉዳያቸውንና የስልክ ቁጥራቸውን ይመዘግባል፤ ቁጥሩ ያለበትን ቁራጭ ወረቀት ይሰጣቸዋል፤ ኔትወርኩ ሲመለስ በተራው ያስገባል፤ ደውሎም ያስታውቃቸዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ነው።

በዚህም ቦታ ቢሆን ፊውዙን በሽቦ እንደ መተካት ያለ ነገር አለ። ሥራ እንዳይቆም ብሎ የይለፍ ቃልን ለባልደረባ መስጠት፥ ወይም የባለጉዳይን መታወቂያ በግል ስልክ አንሥቶ በቴሌግራም መላላክ ለጊዜው ያፋጥናል። ነገር ግን ማን ምን እንደ ሠራ የሚታወቅበትን መንገድ ያጠፋል፤ የሰውንም ምስጢር ያለ ጠባቂ ይበትናል። ስሕተት በተገኘ ቀን የሚጠየቀው የይለፍ ቃሉ ባለቤት ነው።

እንግዲህ መላ እንዴት ወደ ዘላቂ ሥራ ሊሻገር እንደሚችል ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ብዙው የጉራጌ አገር የመኪና መንገድ ባልነበረው ጊዜ የሕዝቡ መላ እግርና በቅሎ ነበር፤ በሽተኛውም በቃሬዛ ይወሰድ ነበር። ሕዝቡ ግን በዚህ መላ ረክቶ አልተቀመጠም። በ1954 ዓ.ም. ገደማ የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት ተቋቋመ። በአዲስ አበባ በንግድና በልዩ ልዩ ሥራ የሚኖሩት ተወላጆች ገንዘብ አዋጡ፤ የአገር ቤቱም ገበሬ የበኩሉን አደረገ፤ መንግሥትም እንዲተባበር ተጠየቀ፤ ተባበረም። ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ ለሚወርደው መንገድም እንዲሁ ማኅበር ቆሞ የሕዝብ መዋጮ ተሰብስቧል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለዚህ ነው። እነዚያ ሰዎች በቅሏቸውን እየጫኑ መንገዱን ጠየቁ፤ መንገዱንም እየጠየቁ መዋጮውን ከፈሉ።

ስለዚህ በየቤቱም ሆነ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ትንሽ መዝገብ እንዲኖር እንመክራለን። በመጀመሪያው ዓምድ ምን እንደ ተበላሸ ከነቀኑ ይጻፍ፤ በሁለተኛው ለጊዜው ምን መላ እንደ ተደረገ፤ በሦስተኛው ለማን እንደ ተነገረና መቼ እንደሚጠገን። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ሆኖ ወር ካለፈው፥ ወጣቱ ሠራተኛ መዝገቡን ይዞ ወደ አለቃው ይግባ፤ ተማሪውም ወደ ትምህርት ቤቱ አስተዳደር። ይህን የለመደ ወጣት ነገ በሹመት ወንበር በተቀመጠ ጊዜ የሌላው ሰው መዝገብ ሲቀርብለት አይቶ እንዳላየ እንደማያልፍ ተስፋችን ነው።